ሲግመንድ ፍሮይድ

ሲግመንድ ፍሮይድ (ሜይ 6 ቀን 1856 – ሴፕቴምበር 23 ቀን 1939 እ.ኤ.አ.) ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ የኦስትሪያ የነርቭ ሐኪምና የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ 78 ዓመት ያህል በቪየና ከተማ ኖሮ፣ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ በ82 ዓመቱ ወደ ለንደን ተሰደደ። በዚያም ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ አረፈ። ባለቤቱና ልጆቹ ከሞት ሲያመልጡ፣ በቪየና የቀሩት አራት አረጋውያን እህቶቹ ግን በናዚዎች ተግዘው አለቁ። በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ቤተሰብ

ፍሮይድ የተወለደው በያኔው የኦስትሪያ ግዛት፣ በሞራቪያ አውራጃ ፍራይበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ፕርዢቦር ተብላ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። ሲወለድ የወጣለት ስም ሲጊስሙንድ ሽሎሞ ነበር። አባቱ ያኮብ ፍሮይድ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ካለው የጋሊሺያ ምድር የመጣ የሱፍ ነጋዴ ነበር። እናቱ አማሊያ ናታንሶን ከባሏ በ20 ዓመት ታንስ ነበር። ያኮብ ከቀድሞ ትዳሩ ኢማኑኤልና ፊሊፕ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ወንዶች ልጆች ነበሩት።

ሲግመንድ ለእናቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከእሱ በኋላ የተወለደው ጁሊየስ በጨቅላነቱ ሞተ። ቀጥለው አምስት ሴቶች ልጆች በተከታታይ ተወለዱ፤ እነሱም አና (1858)፣ ሮዛ (1860)፣ ማሪያ ወይም በቤት ስሟ ሚትሲ (1861)፣ አዶልፊን ወይም ዶልፊ (1862) እና ፓውላ ወይም ፓውሊ (1864) ናቸው። የመጨረሻው ልጅ አሌክሳንደር በ1866 ተወለደ።

የያኮብ ንግድ በመዳከሙ ቤተሰቡ በ1859 ወደ ላይፕሲግ፣ በ1860 ደግሞ ወደ ቪየና ተዛወረ። ኢማኑኤልና ፊሊፕ በበኩላቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በማንቸስተር ከተማ ኑሮ መሠረቱ። ሲግመንድ በ19 ዓመቱ እነሱን ለመጎብኘት ወደ እንግሊዝ ተጉዞ አገሩን እጅግ ወደደው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ ሄዶ የመኖር ሐሳብ ከልቡ አልጠፋም፤ ሐሳቡ የተፈጸመው ግን ከ60 ዓመት በኋላ ሲሆን ያም በስደት ነበር።

ትምህርትና ሥራ

በኦስትሪያ አይሁድ ከሌላው ዜጋ ጋር በሕግ እኩል የሆኑት በ1867 ነው። ቤተሰቡ ድኻ ቢሆንም ሲግመንድ በትምህርቱ ጎበዝ በመሆኑ በ1873 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በኤርንስት ብሩከ ቤተ ሙከራ ለዓመታት የእንስሳትን የነርቭ ሥርዓት አጥንቶ በ1881 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቀ። ከዚያም በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሠራ። ከ1885 እስከ 1886 በፓሪስ ከታዋቂው የነርቭ ሐኪም ከዣን ማርታን ሻርኮ ዘንድ ተማረ።

በ1886 የሐምቡርግ ተወላጅ የሆነችውን ማርታ በርናይስን አገባ። ማርታ የታወቁ የሐምቡርግ ረቢ የልጅ ልጅ ስትሆን፣ ያደገችውም ሃይማኖቱን አጥብቆ በሚጠብቅ ቤት ነው። ፍሮይድ ግን ራሱን ሃይማኖት የሌለው ሰው አድርጎ ስለሚቆጥር በቤቱ የሰንበት ዋዜማ መብራት እንዳይበራ ከለከለ። ቢሆንም አይሁዳዊነቱን አልካደም፤ በ1897 ብናይ ብሪት የተባለው የአይሁድ ማኅበር አባል ሆኗል።

ባልና ሚስቱ ማቲልደ፣ ማርቲን፣ ኦሊቨር፣ ኤርንስት፣ ሶፊና አና የሚባሉ ስድስት ልጆች ወለዱ። ከ1891 ጀምሮ ቤተሰቡ በቪየና በርግጋሰ በሚባለው መንገድ በቁጥር 19 ቤት ኖረ። ፍሮይድ ሕሙማኑን የሚያየውም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የማርታ እህት ሚና በርናይስም አብራቸው ትኖር ነበር።

በ1895 ከዮሴፍ ብሮየር ጋር ስለ ሂስቴሪያ ሕመም መጽሐፍ አሳተመ። በ1899 መጨረሻ የታተመውና 1900 የሚል ዓመት የተጻፈበት የሕልም ትርጉም መጽሐፉ ዋና ሥራው ተደርጎ ይቆጠራል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር የሰው አሳብና ጠባይ ሰውየው ራሱ በማያውቀው ድብቅ የአእምሮ ክፍል ይመራል የሚል ነው። በሕክምናውም ሕመምተኛው በሶፋ ላይ ተጋድሞ ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ እንዲናገር ያደርግ ነበር። ኋላም አእምሮን ኢድ፣ ኢጎና ሱፐርኢጎ ብሎ በሦስት ከፈለው። ከእነዚህ አሳቦች ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ሊቃውንት ተነቅፈዋል፤ ሆኖም በሕክምና፣ በሥነ ጽሑፍና በኪነ ጥበብ ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ከፍተኛ ነው።

በ1896 አባቱ ሞተ። ያኮብ በወጣትነቱ በመንገድ ላይ አንድ ክርስቲያን ቆቡን መትቶ ጭቃ ውስጥ እንደጣለበትና እሱም ዝም ብሎ አንሥቶ እንደሄደ ለልጁ አጫውቶት ነበር። ይህ ታሪክ በልጅነቱ ፍሮይድን እጅግ አሳዝኖት እንደነበር በሕልም ትርጉም መጽሐፉ ጽፏል።

በ1920 ልጁ ሶፊ በኢንፍሉዌንዛ ሞተች። በ1923 የእሷ ትንሽ ልጅ ሲሞት ሐዘኑ ከባድ ሆነበት። በዚያው ዓመት በመንጋጋው ላይ ካንሰር ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በአፉ ውስጥ የሚገጠም ሰው ሠራሽ አካል ስለነበረው መናገርና መብላት ያስቸግረው ነበር። በ1930 የጎተን ሽልማት ከጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ ተቀበለ። በዚሁ ዓመት እናቱ በ95 ዓመቷ አረፈች፤ እስከ ዕለተ ሞቷ የጦረቻት ሳታገባ የቀረችው ልጇ ዶልፊ ነበረች።

የናዚዎች መነሣት

አዶልፍ ሂትለር በጃንዋሪ 1933 የጀርመን መሪ ሲሆን፣ የፍሮይድ ልጆች ኦሊቨርና ኤርንስት በበርሊን ይኖሩ ነበር። ሁለቱም በዚያው ዓመት ጀርመንን ለቀቁ። ኦሊቨር ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ የነበረው ኤርንስት ደግሞ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ለንደን ተሻገረ። በሜይ 10 ቀን 1933 በበርሊን አደባባይ ከተቃጠሉት መጻሕፍት መካከል የፍሮይድ ሥራዎች ነበሩ። በበርሊን ትኖር የነበረችው እህቱ ሚትሲም በዚህ ጊዜ ወደ ቪየና ተመለሰች።

ወዳጆቹ ከቪየና እንዲወጣ ደጋግመው ቢመክሩትም ፍሮይድ እምቢ አለ። ሽማግሌና ሕመምተኛ መሆኑ፣ ሐኪሞቹ በዚያው መኖራቸው፣ የኦስትሪያም መንግሥት አገሩን ከሂትለር ይጠብቃል ብሎ ማመኑ ለመቅረቱ ምክንያቶች ነበሩ። ይህ ተስፋ ግን ከንቱ ሆነ። በማርች 12 ቀን 1938 የጀርመን ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ፤ በማግስቱም ኦስትሪያ የጀርመን አካል መሆኗ ታወጀ። በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ወደ 190,000 የሚጠጉ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹም የቪየና ነዋሪዎች ናቸው። ሱቆቻቸው ተዘረፉ፤ ሽማግሌዎችና ሴቶች ሳይቀሩ በሕዝብ ፊት ተንበርክከው የመንገድ ንጣፍ እንዲያጥቡ ተገደዱ።

የማርች 1938 ቀናት

በማርች 13 የቪየና የሥነ ልቦና ትንተና ማኅበር አመራር ተሰብስቦ አባላቱ ሁሉ ከአገር እንዲወጡ ወሰነ። በማርች 15 የታጠቁ ናዚዎች የፍሮይድን መኖሪያ ቤትና በልጁ በማርቲን ይመራ የነበረውን የመጻሕፍት ማሳተሚያ ድርጅት በረበሩ። ማርታ በቤት ውስጥ የነበረውን ገንዘብ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላቸው። ሰዎቹም 6,000 ሽሊንግ ወስደው ሄዱ።

ከሁሉ የከፋው ቀን ማርች 22 ነበር። የጌስታፖ ሰዎች መጥተው የመጨረሻ ልጁን አናን ይዘው ዋና መሥሪያ ቤታቸው ወደነበረው ወደ ሆቴል ሜትሮፖል ወሰዷት። አና ሳታገባ ከአባቷ ጋር የምትኖር፣ የምታስታምመውና የሥራውም ወራሽ የሆነች ልጁ ናት። ወደዚያ ሆቴል ከገቡት ብዙዎች በቀጥታ ወደ ማጎሪያ ሰፈር ይላኩ ነበር። አና ግን ተመርምራ ማታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፍሮይድ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የመዘገበው የልጁን ጌስታፖ ዘንድ መወሰድ በአጭሩ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከቪየና ለመውጣት ማመንታቱን ተወ።

የመውጫ ፈቃድ እንዴት ተገኘ

አንድ አይሁዳዊ ከአገር ለመውጣት ሁለት በሮች ማለፍ ነበረበት። አንደኛው የሚቀበለው አገር የመግቢያ ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ናዚዎች የሚሰጡት የመውጫ ፈቃድ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ መንግሥታት ስደተኛ ለመቀበል ፈቃደኞች አልነበሩም። በጁላይ 1938 በፈረንሳይዋ ኤቪያን ከተማ የ32 አገሮች ተወካዮች ስለ ስደተኞቹ ቢመክሩም፣ በሩን ሰፋ አድርጎ የከፈተ አገር ከጥቂቶች በቀር አልተገኘም።

ለፍሮይድ የመጀመሪያውን በር ያስከፈተው የዌልስ ተወላጅ የሆነው ባልደረባው ኤርነስት ጆንስ ነው። ጆንስ በማርች አጋማሽ በአውሮፕላን ወደ ቪየና በረረ፤ ተመልሶም የእንግሊዝን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርን አነጋግሮ ለፍሮይድ ቤተሰብና ለአንዳንድ ባልደረቦቹ የመግቢያና የሥራ ፈቃድ አገኘ። በፓሪስ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው ዊሊያም ቡሊትና በቪየና የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ጆን ዋይሊም ጉዳዩን እስከ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አድርሰው ለጀርመን ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ እንዲደርስ አደረጉ።

ሁለተኛው በር በገንዘብ የሚከፈት ነበር። ናዚዎች ለቆ የሚሄድ ሰው ከንብረቱ ሩቡን የስደት ግብር እንዲከፍል ያስገድዱ ነበር። ግብሩን ከፍሎ ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ ያላገኘ ሰው መውጣት አይችልም። ከፍሮይድ የተጠየቀው 31,329 ራይሽማርክ ሲሆን፣ የባንክ ሒሳቡ ግን በናዚዎች ተይዞ ስለነበረ መክፈል አልቻለም። ገንዘቡን የከፈለችለት የግሪክና የዴንማርክ ልዑል የጆርጅ ባለቤት፣ የናፖሊዮንም ዘመድ የነበረችው ማሪ ቦናፓርት ናት። ልዕልቲቱ የፍሮይድ ታካሚ፣ ኋላም ተማሪውና ወዳጁ ነበረች። በእነዚያ ሳምንታት በቤቱ እየተመላለሰች ወረቀቶቹን በመለየት አገዘች፤ ፍሮይድ እጅግ የሚወዳትን ትንሽ የአቴና ሐውልትም ደብቃ አወጣችለት።

ናዚዎች በፍሮይድ ንብረት ላይ የሾሙት ተቆጣጣሪ አንቶን ዛወርቫልድ የሚባል የኬሚስትሪ ዶክተር ነበር። መጀመሪያ ላይ ክፉ ቢመስልም፣ የፍሮይድን መጻሕፍት ካነበበ በኋላ አመለካከቱ ተለወጠ። ፍሮይድ በውጭ አገር ባንክ ገንዘብ እንዳለው የሚያሳዩ ሰነዶችን አግኝቶ ለአለቆቹ ሳይናገር ደበቃቸው። ይህ ቢታወቅ ኖሮ ቤተሰቡ ባልወጣ ነበር። ከጥንት ግብፅ፣ ከግሪክና ከሮም የተሰበሰቡት ከ2,000 በላይ የሆኑት የፍሮይድ ቅርሶችም ዝቅተኛ ዋጋ ተገምቶላቸው እንዲያልፉ ተፈቀደ።

ፍሮይድ ከመውጣቱ በፊት በናዚዎች በደል እንዳልደረሰበት በሚገልጽ ወረቀት ላይ እንዲፈርም ተደርጓል። በወረቀቱ ላይ ጌስታፖን የሚያሾፍ ቃል ጨምሮ ጽፏል የሚባለው ታሪክ በሰፊው ቢነገርም፣ ኋላ በተገኘው ሰነድ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም።

ከቪየና ወደ ለንደን

ቤተሰቡ የወጣው በየተራ ነው። በሜይ መጀመሪያ ሚና በርናይስ ሄደች፤ በዚያው ወር ማርቲን፣ ቀጥሎም ማቲልደና ባሏ ተከተሉ። ፍሮይድና አና ፈቃዱን በሚጠብቁበት ጊዜ ማሪ ቦናፓርት ስለ ውሻዋ የጻፈችውን መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተረጎሙ። ኤድመንድ ኤንግልማን የተባለ ፎቶ አንሺም ጌስታፖ እንዳያየው ተጠንቅቆ ቤቱን ክፍል በክፍል አነሣ። ያ ቤት ዛሬ እንዴት እንደነበረ የሚታወቀው በእነዚህ ፎቶግራፎች ነው።

በጁን 4 ቀን 1938 ፍሮይድ፣ ማርታ፣ አና፣ የቤት ሠራተኛቸው ፓውላ ፊክትልና አንዲት ሐኪም፣ ሉን ከምትባለው ውሻቸው ጋር በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ከቪየና ተነሡ። አብሮ ሊሄድ የነበረው ሐኪሙ ማክስ ሹር በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ዘገየ። በጁን 5 ሌሊት ባቡሩ በኬል ድልድይ የራይን ወንዝን ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ። በፓሪስ በማሪ ቦናፓርት ቤት አንድ ቀን ዐረፉ፤ ሌሊቱን ባሕር ተሻግረው በጁን 6 ለንደን ደረሱ። ውሻዋ በእንግሊዝ ሕግ መሠረት ለስድስት ወር ወደ ለይቶ ማቆያ ገባች።

የለንደን ዘመን

በለንደን ፍሮይድ በክብር ተቀበለ። የሮያል ሶሳይቲ ተወካዮች እሱ መሄድ ስላልቻለ የማኅበሩን ታሪካዊ መዝገብ ቤቱ ድረስ አምጥተው አስፈረሙት። ደራሲው ስቴፋን ጽቫይግ ሠዓሊውን ሳልቫዶር ዳሊን ይዞ መጥቶ ጎበኘው። በሴፕቴምበር 1938 ቤተሰቡ በሀምፕስቴድ ሠፈር በሜርስፊልድ ጋርደንስ ቁጥር 20 ወደሚገኘው ቤት ገባ። ኤርንስት ቤቱን ለአባቱ እንዲመች አድርጎ አስተካከለው፤ ፓውላ ፊክትልም ቅርሶቹን በቪየና እንደነበሩበት ቦታ ደረደረቻቸው። በዲሴምበር 7 የቢቢሲ ባለሙያዎች ድምፁን ቀዱ፤ ተቀድቶ የቀረው ድምፁ ይህ ብቻ ነው።

በዚያ ቤት ሕሙማንን እያየ ስለ ሙሴና ስለ አንድ አምላክ እምነት የጻፈውን የመጨረሻ መጽሐፉን ጨረሰ። መጽሐፉ በ1939 በአምስተርዳም ታተመ። ሙሴን ግብፃዊ ያደረገው ይህ ሥራ፣ አይሁድ በሚሳደዱበት ሰዓት በመውጣቱ ብዙ አይሁድን አስቆጥቷል።

ካንሰሩ ተመልሶ ሊድን በማይችልበት ደረጃ ደረሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሥቃዩ ሲበረታ ማክስ ሹር ቀደም ሲል በገቡት ስምምነት መሠረት ሞርፊን ሰጠው። ፍሮይድ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1939 በ83 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ በጎልደርስ ግሪን ተቃጥሎ፣ አመዱ ማሪ ቦናፓርት በሰጠችው ጥንታዊ የግሪክ ማሰሮ ውስጥ ተቀመጠ። ማርታም ከባሏ ሞት በኋላ የሰንበት ዋዜማ መብራቷን እንደገና ማብራት ጀመረች።

በቪየና የቀሩት አራት እህቶች

ከአምስቱ እህቶች ትልቋ አና የማርታን ወንድም ኤሊ በርናይስን አግብታ ገና በ1892 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ስለነበር ከአደጋው ተርፋለች። ወንድሙ አሌክሳንደርም በ1938 ወጥቶ ኋላ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ሮዛ፣ ሚትሲ፣ ዶልፊና ፓውሊ ግን በቪየና ቀሩ።

በ1938 አራቱም ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነበር። ሦስቱ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሲሆኑ ዶልፊ ያላገባች ናት። ሮዛ አንድ ልጇን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሴት ልጇን ደግሞ በ1922 አጥታ ብቻዋን የቀረች ሴት ነበረች። ለፍሮይድ በተገኘው ፈቃድ ውስጥ ባለቤቱ፣ ልጆቹ ከነቤተሰባቸው፣ የሚስቱ እህት፣ ሐኪሙና የቤት ሠራተኛዋ ሲካተቱ እህቶቹ አልገቡበትም። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱን የማይችል አረጋዊ ያለ ዋስ አይቀበልም ነበር። በዚያን ጊዜ ናዚዎች አይሁድን ንብረታቸውን ገፍፈው ያባርሩ ነበር እንጂ በጅምላ መግደል ገና አልጀመሩም። አሮጊቶችን ማን ይነካል የሚለው ግምት የብዙ ቤተሰቦች ግምት ነበር። ብዙዎች ወጣቶቹን አስቀድመው አዛውንቱን ለኋላ አቆዩ።

ፍሮይድና አሌክሳንደር ለእህቶቻቸው መተዳደሪያ 160,000 ሽሊንግ ትተውላቸው ሄዱ። ገንዘቡ ለቀሪ ዘመናቸው የሚበቃ ነበር። ሆኖም አይሁድ በራሳቸው ገንዘብ እንዳያዝዙ በወጣው ሕግና በተጫነባቸው ግብር ምክንያት ከእጃቸው ወጣ። በኖቬምበር 9 እና 10 ቀን 1938 በጀርመንና በኦስትሪያ ምኩራቦች ሲቃጠሉና በሺህ የሚቆጠሩ አይሁድ ሲታሰሩ፣ ፍሮይድ ስለ እህቶቹ ያለውን ሥጋት ለማሪ ቦናፓርት ጽፎ ወደ ፈረንሳይ ሊወሰዱ ይችሉ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ሞከረች፤ ግን ፈቃድ ማግኘት አልቻለችም። ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ እየጠበበ ሄደ። በኦክቶበር 1941 ናዚዎች የአይሁድን ከአገር መውጣት ፈጽመው ከለከሉ። ፍሮይድ የሞተው የእህቶቹን መጨረሻ ሳያውቅ ነው።

አራቱ እህቶች ከመኖሪያቸው ተፈናቅለው ከሌሎች አይሁድ ጋር በተጨናነቁ ክፍሎች እንዲኖሩ ተገደዱ። በጁን 1942 መጨረሻ ሚትሲ፣ ዶልፊና ፓውሊ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ወዳለው ወደ ተሬዚየንሽታት ማጎሪያ ተጋዙ። ሮዛ በዚያው ዓመት በኦገስት ተከተለቻቸው። ናዚዎች ተሬዚየንሽታትን የአረጋውያን መጦሪያ አስመስለው ቢያወሩለትም፣ ወደዚያ ከተወሰዱት 140,000 ያህል ሰዎች ወደ 33,000 የሚጠጉት በረሃብ፣ በበሽታና በመጨናነቅ እዚያው አልቀዋል። ወደ 88,000 የሚሆኑት ደግሞ ወደ መግደያ ሰፈሮች ተልከዋል። ዶልፊ በተሬዚየንሽታት ሞተች። ሦስቱ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተወስደው ተገደሉ።

በፌብሩዋሪ 1946 ሳሙኤል ራይዝማን የተባለ ከትሬብሊንካ የተረፈ የፖላንድ አይሁዳዊ በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ከቪየና የተጋዙ ሰዎችን የጫነ ባቡር በደረሰ ጊዜ አንዲት አረጋዊት ሴት ወደ ናዚው ሹም ወደ ኩርት ፍራንዝ ቀርባ፣ ወረቀት አሳይታ የሲግመንድ ፍሮይድ እህት መሆኗን በመግለጽ ቀላል የቢሮ ሥራ እንዲሰጣት ለመነች። ፍራንዝ ወረቀቱን አንብቦ ስሕተት ሳይፈጠር እንዳልቀረ ነገራት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ቪየና የሚመለስ ባቡር እንዳለም አመለከታት። እስከዚያ ግን ዕቃዋንና ሰነዶቿን ትታ ገላዋን እንድትታጠብ አዘዛት። መታጠቢያ የተባለው የጋዝ ክፍል ነበር፤ ሴትዮዋም አልተመለሰችም። በትሬብሊንካ ከጁላይ 1942 እስከ 1943 ባለው ጊዜ ወደ 800,000 የሚጠጉ አይሁድ ተገድለዋል። ከኦስትሪያ አይሁድ ውስጥ በጠቅላላው ወደ 65,000 የሚሆኑት አልቀዋል።

በለንደን የነበረው ቤተሰብ የእህቶቹን ሞት ያወቀው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው።

የቀሩት የቤተሰቡ አባላት

ሚና በርናይስ በ1941፣ ማርታ ደግሞ በ1951 በለንደን አረፉ። በቪየና የሕግ ባለሙያና አሳታሚ የነበረው ማርቲን በለንደን ትንሽ የትምባሆ ሱቅ ይዞ ኖረ። ኦሊቨር ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ከወደቀች በኋላ በ1943 ወደ አሜሪካ አመለጠ፤ በፈረንሳይ የቀረችው ልጁ ግን በ1944 በሕመም ሞተች። አሌክሳንደር በ1943 በካናዳ አረፈ። ከኤርንስት ልጆች አንዱ ሉሺያን ፍሮይድ በእንግሊዝ ከታወቁ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ።

ዛወርቫልድ ከጦርነቱ በኋላ ተይዞ ለፍርድ ሲቀርብ፣ አና ፍሮይድ በ1947 ለቤተሰቧ ያደረገውን ርዳታ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋለት በነፃ ተለቀቀ።

አና በጦርነቱ ጊዜ በሀምፕስቴድ ከወላጆቻቸው ለተለዩ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍታ ነበር። ከ1945 ጀምሮ ደግሞ ከተሬዚየንሽታት የወጡ ስድስት የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት በሳሴክስ በሚገኝ ቤት ሲያድጉ ሁኔታቸውን ተከታተለች። ሕፃናቱ ወላጆቻቸውን በጨቅላነታቸው ያጡ፣ እርስ በርስ ከመተሳሰብ በቀር ሌላ ዘመድ የማያውቁ ነበሩ። አንዱ ካልበላ ሌላው አይበላም፤ ለአፍታም ቢሆን መለያየትን አይቀበሉም ነበር። አና ከሶፊ ዳን ጋር በ1951 ያሳተመችው የዚህ ጥናት ውጤት፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናት እርስ በርሳቸው ቤተሰብ ሊሆኑ እንደሚችሉ በማሳየቱ በሥነ ልቦና ትምህርት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሕፃናቱ የመጡት ሦስት አክስቶቿ ወደ ሞት ከተላኩበት፣ አራተኛዋም ከሞተችበት ከዚያው ማጎሪያ ነው።

መታሰቢያ

በቪየና በርግጋሰ ቁጥር 19 ያለው ቤት በ1971 ሙዚየም ሆነ። የፍሮይድ ሶፋ፣ ጠረጴዛውና ቅርሶቹ ግን ከእሱ ጋር ስለተሰደዱ የሚገኙት በለንደን ነው። አና በ1982 እስክትሞት የኖረችበት የሜርስፊልድ ጋርደንስ ቤትም በ1986 ለሕዝብ ተከፈተ። የፍሮይድ የሥራ ክፍል እሱ ትቶት እንደሄደ በዚያ ይታያል።